ክፉው ወዴት ነው?
ስለ አንድ የሚያስፈራ ሲኒማ የተጻፈ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ ቀድሞ በአዲስ አበባ ሲኒማ እንግዳ ነገር በነበረ ጊዜ፥ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ከሽማግሎች ሳትሰማ አትቀርም። ሥዕል በግድግዳ ላይ ሲሄድና ሲሮጥ አይቶ፥ የመኪናውንም አሠራር ሳያውቅ፥ ይህ ያለ ርኩስ መንፈስ አይሆንም ብሎ ፈራ። ዛሬ ይህን የሚሰማ ተማሪ ይሥቃል። ነገር ግን ከመሣቁ በፊት፥ «እኔስ ክፉ ነገር ወዴት እንደሚገኝ ለይቼ አውቃለሁን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ እንዲረዳን፥ በጦርነት ዘመን በአሜሪካ ስለ ሰይጣን አምላኪዎች የተሠራውን አንድ ሲኒማ እንመርምር።

1ኛ፤ ሲኒማው እንዴት እንደ ተሠራ

ስሙ «ዘ ሰቨንዝ ቪክቲም» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ሰባተኛው ሰለባ» ማለት ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943 ዓ. ም.፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፥ አር ኬ ኦ ከሚባለው የሆሊውድ ኩባንያ ወጣ። ያሠራው ሰው ቫል ሉተን ነው፤ እርሱም በ1904 በያልታ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ነበረ። ኩባንያው በኦርሰን ዌልስ ሥራዎች ብዙ ገንዘብ ከከሰረ በኋላ፥ በ1942 ሉተንን ቀጥሮ በጥቂት ወጪ የሚያስፈሩ ሲኒማዎችን እንዲያሠራ አዘዘው። ትእዛዙም ሦስት ነበረ፤ ወጪው ከ150 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ፥ ርዝመቱ ከ75 ደቂቃ እንዳያልፍ፥ ርእሱንም ኩባንያው ራሱ እንዲሰጥ።

ለዚህኛው ሲኒማ ኩባንያው ገንዘቡን ሊጨምርለት አስቦ ነበረ፤ ነገር ግን ሉተን ከዚያ በፊት አንድም ሲኒማ መርቶ ለማያውቀው ለማርክ ሮብሰን ሥራውን ለመስጠት ስለ ጸና፥ ጭማሪው ቀረ። ደግሞም በጦርነቱ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ለአዲስ መድረክ የሚገዛውን ዕቃ ለአንድ ሲኒማ በ5000 ዶላር ወስኖት ነበረ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ለሌላ ሲኒማ የተሠራውን ትልቅ ደረጃ መልሰው አገለገሉበት። አውሬና ጭራቅ ለመሥራት ገንዘብ ስላልነበራቸውም፥ ጥላንና ዝምታን መሣሪያ አደረጉ። ጨለማ ዋጋ አይጠየቅበትምና፤ ያላሳዩትንም ተመልካቹ ከገዛ ልቡ አውጥቶ ሞላው።

2ኛ፤ የታሪኩ ነገር

ሜሪ የምትባል ወጣት በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለች፥ የምታስተምራት እኅቷ ዣክሊን ክፍያውን እንዳቋረጠች ይነገራታል። እኅቷንም ልትፈልግ ወደ ኒው ዮርክ ትሄዳለች። ከብዙ ድካም በኋላ፥ ዣክሊን ሰይጣንን በሚያመልክ የምሥጢር ማኅበር ገብታ እንደ ነበረች፥ ኀዘንም ስለ በረታባት የማኅበሩን ነገር ለሐኪም እንደ ገለጠች ታውቃለች።

እንግዲህ ልብ በል፤ የዚህ ማኅበር ሰዎች ቀንድና ጅራት የላቸውም። ልብሳቸው ንጹሕ፥ አነጋገራቸው የለዘበ፥ በመልካም አዳራሽ የሚሰበሰቡ የከተማ ጨዋዎች ናቸው። በማንም ላይ እጃቸውን እንዳያነሡ ሕግ አላቸው፤ ነገር ግን ምሥጢር ያወጣ ሰው ይሙት የሚል ሌላ ሕግም አላቸው። ከዣክሊን በፊት ስድስት ሰዎች እንዲህ ጠፍተዋል። ሁለቱን ሕግ ለማስታረቅም መርዝ በብርጭቆ ቀድተው በፊቷ ያኖራሉ፤ በዙሪያዋም ተቀምጠው በጨዋ ቃል እንድትጠጣ ይመክሯታል። ሰዓቱ ይረዝማል፤ ልቧ ይደክማል፤ እጇም ወደ ብርጭቆው ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ከመካከላቸው የምትወዳት አንዲት ሴት እየጮኸች ብርጭቆውን መትታ ትጥለዋለች።

በኋላ ያ ሐኪምና ባለቅኔ የሆነ ሌላ ሰው ወደ ማኅበሩ ገብተው ይገሥጿቸዋል። ሐኪሙም ስለ ይቅርታና ከክፉ ስለ መዳን የሚለምነውን የ«አባታችን ሆይ» ጸሎት ያስታውሳቸዋል።

ዣክሊን ግን አልዳነችም። ራሷን ለማጥፋት አስቀድማ በተከራየችው ክፍል አጠገብ ሚሚ የምትባል በሽተኛ ሴት ትኖራለች። ሁለቱ በደጃቸው ይገናኛሉ። ሚሚ ሞትን እንደምትፈራ፥ ነገር ግን ዛሬ ማታ ለብሳ ወጥታ እንደ ሰው እንደምትደሰት ትነግራታለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚሚ አጊጣ ስትወጣ ከተዘጋው በር ወዲያ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ እርስዋ ግን ሳታስተውል ደረጃውን ትወርዳለች። ሲኒማውም በዚሁ ያበቃል።

3ኛ፤ ተመልካቾች እንዴት እንደ ተቀበሉት

በ1943 በነሐሴ ወር አካባቢ ሲኒማው ሲወጣ፥ ብዙዎች አልወደዱትም። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ተቺም ነገሩ የማይገባ ነው ብሎ ቀለደበት። ፍርዱም ፈጽሞ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከተቀረጸው ውስጥ አንዳንድ ክፍል ስለ ተቈረጠ፥ የታሪኩ መያያዣ በየስፍራው ላልቶ ነበረና። ደግሞም በዚያ ዓመት የአሜሪካ ወጣቶች በሲሲሊና በፓሲፊክ ደሴቶች ይሞቱ ነበረ። ልጁን ወደ ጦር ሜዳ የላከ አባት ጭንቀቱን ለአንድ ሰዓት ሊረሳ ወደ ሲኒማ ቤት ቢገባ፥ ስለ ሞት ያለ መጽናናት የሚናገር ሥዕል ቢከብደው አያስደንቅም።

ሉተን በ1951 በ46 ዓመቱ ሞተ። ከእርሱ በኋላ ግን የሲኒማ ሊቃውንት ሥራውን እንደ ገና መረመሩት፤ ዛሬም በዚያ ዘመን ከተሠሩት ከሚያስፈሩት ሲኒማዎች መካከል ከምርጦቹ አንዱ አድርገው የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው። ሜሪ ስትታጠብ ከመጋረጃው ወዲያ ጥላ የሚታይበትን ክፍል፥ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ካወጣው ከ«ሳይኮ» ጋር ያስተያዩታል። አስቀድሞ እንደ ጕድለት የተቈጠረው የታሪኩ ድንግዝግዝታም፥ ለኋለኞቹ የሰውን ብቸኝነት የሚገልጥ ሆኖ ታያቸው።

4ኛ፤ ከዚህ የምንማረው

አንደኛ፤ ለመፍረድ አትቸኵል። «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሸሸው ሰው መኪናውን ሳይመረምር ፈረደ፤ ስለ ሰይጣን ለማየት ብሎ የሚሮጠውም ነፍሱን ሳይመረምር ይሮጣል። አይተህ የወጣህ እንደ ሆነ፥ «ምን አሳየኝ? ምንስ አስተማረኝ?» ብለህ ጠይቅ። ይህ ሲኒማ የሌሊቱን ጨለማ በእውነት አሳየ፤ ስለሚነጋው ብርሃን ግን ጥቂት ብቻ ተናገረ። የጐደለውን አውቆ መልካሙን መያዝ የአስተዋይ ተመልካች ሥራ ነው።

ሁለተኛ፤ እጅ ሳያነሡ መግደል እንዳለ እወቅ። በብርጭቆው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች «እኛ አልነካናትም» ይሉ ነበር። እኛስ? በትምህርት ቤት አንዱን ጓደኛ ሁሉ ተስማምቶ ሲርቀው፥ በቡና ላይ የአንዲት ሴት ስም ሲነሣና ሲጣል፥ በመሥሪያ ቤት ደካማው እስኪለቅ ድረስ በፈገግታ ሲገፋ፥ በዚያ ያ ብርጭቆ አለ። ዝም ብሎ የተቀመጠውም ከማኅበሩ ተቈጠረ። እንግዲህ ብቻህን ብትሆን እንኳ ብርጭቆውን እንደ ጣለችው ሴት ሁን።

ሦስተኛ፤ የጐረቤትህን በር አትለፍ። ሚሚ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የራስዋ ጭንቀት ጆሮዋን ስለ ዘጋባት አለፈች። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ፊቱ የጠቈረ፥ ከሰው የተለየ፥ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ባልንጀራ ቢኖርህ፥ ቃሉን እንደ ቀልድ አትቍጠረው። አንኳኳ፤ ግባ፤ አጠገቡ ተቀመጥ። ከመገሠጽህ በፊት አድምጠው፤ ምን እንዳሰበም በግልጥ ጠይቀው፤ ዘመዱንና ሐኪምን እስክትጠራ ድረስ ብቻውን አትተወው። ለዣክሊን በአንዲት ሰዓት የአንዲት ሴት ጩኸት ሕይወት ሆኖላት ነበረ፤ በሌላይቱ ሰዓት ግን የሚጮኽላት አልተገኘም።

አንባቢ ሆይ፤ ክፉውን በሲኒማ ቤት ግድግዳ ላይ ብቻ አትፈልገው። ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትመለስ፥ መብራቱ ጠፍቶ በሩ የተዘጋበትን የባልንጀራህን ቤት ተመልከት፤ ደኅንነቱንም ጠይቅ።

ጥያቄ

1. የማኅበሩ ሰዎች ሁለቱን ሕጎቻቸውን ያስታረቁት በምን ነበር? ይህስ በእኛ መካከል እንዴት ይታያል?
2. የ1943 ተመልካቾችና የኋለኞቹ በፍርዳቸው የተለያዩት ስለ ምንድር ነው?
3. በዚህ ሳምንት በሩን የምታንኳኳለት ሰው ማን ነው?