የድምፅ ካርድ ከመግዛትዎ በፊት ሶኬትዎን ይመልከቱ

አዳማ ዋናው ጎዳና ዳር ካሉት የኮምፒዩተር ሱቆች ወደ አንዱ ገብተው «የኮምፒዩተሬ ድምፅ አላማረኝም» ቢሉ፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው የሚያወርድልዎት የድምፅ ካርድ ነው። ካርዱ ከፍላሽ የማይበልጥ ትንሽ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም ብዙ መዘውር ያለበት የብረት ሣጥን ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው። የትኛው ይበጃል ተብሎ ሲጠየቅ ሻጩ ውዱን ያነሣል፤ ደላላ ካለ ደግሞ ኮሚሽን ያለበትን። ይህ ጽሑፍ ነገሩን ከገዢው ኪስ አኳያ ለማየት ይሞክራል።

የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። በውጭ አገር 50 ዶላር የሚያወጣ ካርድ ቀድሞ በባንክ ምንዛሪ 2,850 ብር ይሆን የነበረው፣ 6,000 ብርን ተሻገረ ማለት ነው። በዚህ ላይ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ የአስመጪውና የቸርቻሪው ትርፍ ይታከልበታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ዕቃው ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው።

የድምፅ ካርድ ሥራው ሁለት ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ በቁጥር የተቀመጠውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለውጦ ለስፒከር ይልካል፤ ከማይክሮፎን ወይም ከቴፕ የሚመጣውን ሞገድ ደግሞ ወደ ቁጥር ይለውጣል። የሲንጋፖሩ ክሬቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር የተባለውን ካርድ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ ባቀረበበት ዘመን፣ አብዛኛው የግል ኮምፒዩተር ያለ ካርድ ጢጥ ከማለት የዘለለ ድምፅ አልነበረውም። ኢንቴል በ1997 ከዚያም በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ደረጃዎች ግን የድምፁን ሥራ ማዘርቦርዱ ላይ አስቀመጡት። ያገለገሉ ሆነው ወደ አገራችን የሚገቡት ዴልና ኤችፒ ኮምፒዩተሮች ሳይቀሩ የራሳቸው የድምፅ ቺፕ አላቸው። ዘፈን ለማዳመጥ፣ ፊልም ለማየትና ባሕር ማዶ ካለ ደንበኛ ጋር በኢንተርኔት ለመነጋገር ይህ ቺፕ በቂ ነው። ጥራቱን የሚያወርደው አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩ ነውና፣ 6,000 ብር ያለው ሰው ስፒከሩን ቢለውጥ ልዩነቱን በዚያው ምሽት ይሰማዋል።

ታዲያ ያ ከስፒከሩ የማይጠፋው «እምምም» የሚል ድምፅ ከየት ይመጣል? ገዢውን ወደ ሱቅ የሚያስሮጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በከተሞቻችን ብዙ ቤቶች ሶኬቱ የኧርዝ መያዣ ቢኖረውም፣ ከግድግዳው ጀርባ የኧርዝ ሽቦው አልተሳበም። ኮምፒዩተሩ ከአንድ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሩ ከሌላ ሶኬት ሲሠሩ ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ልዩነት በድምፅ ገመዱ በኩል ያልፋል። ለዚህ ችግር አዲስ ካርድ መግዛት መፍትሔ ላይሆን ይችላል፤ በዩኤስቢ የሚሠራው ካርድ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ኮምፒዩተር ስለሆነ ጉርምርምታው አብሮት ይሄዳል።

መመርመሪያው ምንም ወጪ የለውም። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ይንቀሉና በባትሪ ያሠሩት። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ የመብራቱ መስመር ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ኮምፒዩተሩንና ስፒከሩን ከአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩና ያዳምጡ። ካልተስተካከለ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ኧርዙን ማስመርመር ነው፤ ይህ ደግሞ ከድምፁም በላይ ለቤተሰቡ ደኅንነት የሚጠቅም ወጪ ነው። አንዳንድ ሰው ጉርምርምታውን ለማጥፋት የኧርዙን መስመር ይቆርጣል። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ።

በሌላ በኩል፣ ማውሱን ሲያንቀሳቅሱ ወይም ከፍላሽ ፋይል ሲገለብጡ አብሮ የሚለዋወጥ «ጭጭጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ጣልቃ ገብነቱ ከኮምፒዩተሩ ከራሱ ሆድ ነው። ከውጭ የሚሰካ የዩኤስቢ ካርድ በእርግጥ የሚጠቅመው ያኔ ነው። የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ተሰብሮ ከሆነም እንዲሁ፤ ትንሿና ርካሿ ካርድ ማዘርቦርድ ከማስነካት ታድናለች። አዳዲስ ላፕቶፖች ማይክሮፎንና ማዳመጫ የሚያስተናግዱት በአንድ ቀዳዳ መሆኑንም ማወቅ ይገባል። ባለ ሁለት ጃክ ማዳመጫ ይዘው «ማይኩ አልሠራም» የሚሉ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ሁለቱን ጃክ ወደ አንድ የምታገናኝ አጭር ገመድ ብቻ ናት።

ይህ ጸሐፊ ራሱ ከስህተት አላመለጠም። አባቴ ለዓመታት ያጠራቀማቸውን ካሴቶች ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ አስቤ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ያችኑ ፍላሽ የምታህል ካርድ ገዛሁ። ሻጩ «ለሁሉም ትሆናለች» ብሎኝ ነበር። ሦስት ካሴት ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው በማዳመጫ ሳዳምጥ የቴፑ ሁለት መስመር አንድ ብቻ ሆኖ መቅረቱን ያወቅኩት። እነዚህ ትናንሽ ካርዶች አብዛኞቹ ድምፅ የሚቀበሉት በማይክሮፎን ቀዳዳ ነው፤ እሱም አንድ መስመር ብቻ አለው። በዚያ ላይ ቀዳዳው ለደካማ የማይክሮፎን ሞገድ የተሠራ ስለሆነ፣ ጠንካራው የቴፕ ድምፅ ሲገባበት ይሰነጣጠቃል። የሄደብኝ የካርዱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የትራንስፖርቱና የሦስቱ ካሴት ሰዓት ጭምር ነው።

ለካሴት ሥራ የሚፈለገው «ላይን ኢን» የሚባለው ባለ ሁለት መስመር መግቢያ ነው። የበህሪንገር ዩሲኤ 202 እና ዩሲኤ 222 ሞዴሎች ቀይና ነጭ የአርሲኤ ቀዳዳ ያላቸውና በአነስተኛ ዋጋቸው የሚታወቁ ናቸው። ጥራታቸው 16 ቢት ሲሆን፣ ሻጩ «ይህ አሮጌ ነው፤ ባለ 24 ቢቱን ውሰድ» ቢልዎት አይደንግጡ። 16 ቢት በንድፈ ሐሳብ 96 ዴሲቤል ያህል የድምፅ ስፋት ይይዛል። ተራ ካሴት ራሱ ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው ያለው፤ ከዚያ በታች ያለው የቴፑ ፉጨት ነው። ትርፉን ቢት መግዛት ፉጨቱን በጥራት መቅዳት ይሆናል። የማከማቻውንም ሒሳብ ያስቡ። በሲዲ ጥራት ማለትም በ44,100 ናሙናና በ16 ቢት የተቀዳ የ60 ደቂቃ ካሴት 635 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። በ96,000 ናሙናና በ24 ቢት ከተቀዳ ግን ወደ 2,070 ሜጋ ባይት ይደርሳል።

ይህን እንደ ንግድ ለሚያስቡት ደግሞ ትልቁ ወጪ ካርዱ አይደለም። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማፋጠኛ የለውም። 100 ካሴት 100 ሰዓት ነው። 6,000 ብር የወጣበት ካርድ በ100 ካሴት ሲካፈል ለአንዱ 60 ብር ይደርሰዋል፤ የሰውየውን ሰዓት ግን ማን ይከፍላል? ዋጋ ሲተምኑ ከዚያ ይጀምሩ። መቅጃው ፕሮግራም ኦዳሲቲ ነጻ ነው። የቴፑን ሄድ በአልኮልና በጥጥ መጥረግም ከብዙ ካርድ የተሻለ ለውጥ ያመጣል። የራስን ካሴት ለራስ መገልበጥና ገልብጦ መሸጥ በሕግ የተለያዩ ናቸው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለሽያጭ የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ማስታወቂያ፣ መዝሙር ወይም ትምህርት በቤታቸው ለሚቀዱ ሰዎች ምርጫው ይለያል። በገበያው ላይ በብዛት የሚታየው ቪ8 የተባለው ባለ ብዙ ቁልፍ ካርድ፣ ከቢኤም 800 ማይክሮፎን ጋር ተደርቦ ይቀርባል። ለቀጥታ ስርጭት ጨዋታ፣ ለሳቅና ለጭብጨባ ድምፅ የተሠራ ነው፤ ለንጹሕ ቀረጻ አይመከርም። ኮንዴንሰር የሚባለው የማይክሮፎን ዓይነት በትክክል እንዲሠራ 48 ቮልት ይፈልጋል፤ እንደ በህሪንገር ዩኤምሲ 22 ወይም ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ያሉት ይህን በአንድ ቁልፍ ይሰጣሉ። 48 ቮልት የሌለው ካርድና ኮንዴንሰር ማይክሮፎን ገዝቶ መግባት ጎማ የሌለው መኪና እንደመግዛት ነው።

ያገለገለ ካርድስ? ምናለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ በጥቂት ብር የሚገኙት የድሮ ሳውንድ ብላስተር ላይቭና የመጀመሪያዎቹ ኦዲጂ ካርዶች በጊዜያቸው ምርጥ ነበሩ። ሆኖም የሚሰኩት በፒሲአይ ቀዳዳ ነው፤ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ይህ ቀዳዳ የላቸውም፣ ለአዲሱ ዊንዶውስ የሚሆን ሾፌር ፕሮግራም ማግኘትም አድካሚ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች በጻፉት ጥናት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን እንደሚያስወጣ አሳይተው ነበር። ታዋቂ ስም የተለጠፈባቸው አስመስለው የተሠሩ ካርዶችም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

መድኃኒቱ ላፕቶፕዎን ይዘው ወደ ሱቁ መሄድ ነው። በተለይ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱ ወይም ከሻሸመኔ የሚመጣ ገዢ ዕቃ ለመመለስ ሌላ የመንገድ ወጪ ስላለበት፣ እዚያው ቆሞ ይፈትን። ካርዱን ይሰኩ፤ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ስሙ በኮምፒዩተሩ ላይ ይወጣ እንደሆነ ይዩ። በቀኝና በግራ ጆሮ ለየብቻ ያዳምጡ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ 10 ሰከንድ ይቅዱና ድምፁን ከፍ አድርገው መልሰው ይስሙት፤ የካርዱ የራሱ ጫጫታ ያኔ ይወጣል። በመጨረሻም ደረሰኙ ላይ የሞዴሉን ቁጥርና ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነ በጽሑፍ ያስፍሩልዎ፤ «የድምፅ ካርድ 1» ተብሎ ብቻ የተቆረጠ ደረሰኝ ሲመለሱ የትኛውን እንደገዙ አያስረዳም።