የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ በካያክና በደንገል ታንኳ ላይ፦ ለሐይቅ ጥናት የሚደረግ ምርጫና አተካከል

የሐይቅን ጥልቀት፣ የወለሉን ሁኔታና የዓሣን አቀማመጥ ሊያጠና የሚነሣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የምርምር መርከብ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ በእጁ የሚገባው ብዙውን ጊዜ አነስተኛ የፋይበር ጀልባ፣ የፕላስቲክ ካያክ ወይም ዓሣ አጥማጆች የሚቀዝፉት የደንገል ታንኳ ነው። ለሳይንሳዊ ልኬት የተሠሩት የድምፅ መሣሪያዎች ዋጋቸው ከአንድ የመመረቂያ ጥናት በጀት በላይ ስለሚሆን፣ በመሠረቱ ለመዝናኛ ዓሣ አስጋሪዎች የተዘጋጀው፣ በተለምዶ «ፊሽ ፋይንደር» የሚባለው የዓሣ መፈለጊያ ተተኪ ሆኖ ይቀርባል። መሣሪያው በአግባቡ ከተመረጠና ከተተከለ ለጥናት የሚበቃ መረጃ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ገዢዎች አብዛኛውን ትኩረታቸውን የሚሰጡት ለስክሪኑ ስፋትና ለኃይሉ መጠን ሲሆን፣ መረጃውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ከውኃው ጋር የሚነካካው ክፍልና የተተከለበት መንገድ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ በስሌት አስደግፎ ለማሳየት ይሞክራል።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። ትራንስዱሰር የሚባለው ክፍል አጭር የድምፅ ምት ወደ ታች ይልካል፤ ምቱ ከወለሉ ወይም ከዓሣ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ይቀበላል፤ በመካከል ያለፈውን ጊዜ በድምፅ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ርቀቱን ያሰላል። ኮላዶንና ስቱርም እ.ኤ.አ. በ1826 በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ባደረጉት ልኬት ድምፅ በ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,435 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ አሳይተዋል። ፍጥነቱ ከሙቀት ጋር ይጨምራል፤ ጨው በሌለበት ውኃ በ20 ዲግሪ 1,482፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ 1,497 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በርካታ መሣሪያዎች ግን የሚያሰሉት በ1,500 ነው። ስለዚህ በ20 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 14 ሜትር የሆነው ጥልቀት በስክሪኑ ላይ 14.17 ሆኖ ይነበባል። ለዓሣ አስጋሪ ይህ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ የደለል ክምችትን ለሚለካ ተመራማሪ ግን የብዙ ዓመታት ደለል ያህል ሊሆን ይችላል።

ድግግሞሽና የድምፁ ስፋት

የጣና ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ያህል፣ አማካይ ጥልቀቱ ደግሞ 8 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ሐይቅ ላይ «እስከ 300 ሜትር ይደርሳል» የሚለው የሻጭ ማስታወቂያ ምንም ትርጉም የለውም፤ ለተጨማሪ ኃይል የሚከፈለው ገንዘብም ባክኖ ይቀራል። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ድምፁ ምን ያህል ሰፍቶ ይወርዳል የሚለው ነው። ድምፁ ከትራንስዱሰሩ የሚወጣው እንደ ሾጣጣ እየሰፋ ስለሆነ፣ በ200 ኪሎ ኸርዝ የተለመደው 20 ዲግሪ ማዕዘን በ8 ሜትር ጥልቀት 2.8 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሸፍናል። በ83 ኪሎ ኸርዝ የሚገኘው 60 ዲግሪ ማዕዘን በዚያው ጥልቀት 9.2 ሜትር ይሸፍናል።

ሰፊው ለዓሣ ፍለጋ የተሻለ ይመስላል፤ ብዙ ውኃ ያያልና። ችግሩ ከወለሉ አጠገብ ይመጣል። ከሾጣጣው መካከል የሚመለሰው የወለል ድምፅ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ በሾጣጣው ዳር ከወለሉ በላይ ያለ ዓሣ ድምፅ ከወለሉ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ይህ የማይታይ ክልል በ8 ሜትር ጥልቀት በ20 ዲግሪ ማዕዘን ዳር ላይ 12 ሴንቲሜትር ብቻ ሲሆን በ60 ዲግሪ ግን 1.07 ሜትር ይደርሳል። ከ8 ሜትር ውኃ አንድ ሜትር ያህሉን ማጣት ማለት በወለል ላይ የሚኖሩትን ዓሦች በከፊል ከጥናቱ ማስወጣት ማለት ነው። ስለዚህ በጣናና በመሰል ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች ላይ 200 ኪሎ ኸርዝና ጠባብ ማዕዘን መመረጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። አምራቾች ማዕዘኑን የሚለኩበት መስፈርት ስለሚለያይ የሁለት ኩባንያዎችን አኃዝ እንዳለ ማነጻጸር እንደማይቻልም ልብ ይሏል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው መመዘኛ መሣሪያው የሚያነበውን ከጂፒኤስ መገኛ ጋር በማኅደረ ትውስታ የመመዝገብና ወደ ኮምፒውተር የማስተላለፍ ችሎታው ነው። ይህ የሌለው መሣሪያ ስክሪኑ የቱንም ያህል ቢያምር ለጥናት አይገዛም።

አተካከል

በአተካከል ረገድ ዋናው ጠላት አየር ነው። ድምፅ ከውኃ ወደ አየር ሲደርስ ከ99 በመቶ በላይ የሆነው ኃይሉ ተመልሶ ይመጣል። በአንጻሩ ካያክ የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ለድምፅ ከውኃ ብዙም ስለማይለይ፣ ትራንስዱሰሩን ሳይበሱ ከካያኩ ወለል በውስጥ በኩል መለጠፍ ይቻላል። ወለሉ አንድ ወጥ ንብርብር መሆን አለበት፤ በሁለት ንብርብር መካከል ፎም ያለበት ካያክ ግን አየር የታመቀበት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። የሚለጠፍበት ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ በአልኮል ይጸዳል፤ ከዚያም ኢፖክሲው አረፋ እንዳይቋጥር ቀስ ተብሎ ይፈስሳል። አንዲት የአየር አረፋ ከትራንስዱሰሩ ፊት ለፊት ከቀረች ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ኢፖክሲ ደግሞ አንዴ ከደረቀ አይመለስም። ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት በቦታው ጥቂት ውኃ አፍስሶ ትራንስዱሰሩን በውኃው ውስጥ በማስቀመጥ ጥልቀቱን ማንበብ፣ ከዚያም በዚያው ቦታ ላይ በጀልባው ጎን ወደ ሐይቁ አስገብቶ እንደገና ማንበብ ይገባል። ሁለቱ ንባቦች ከተቀራረቡና የወለሉ መስመር ካልደበዘዘ ቦታው ተስማሚ ነው። በዚህ ዘዴ የሚነበበው ሙቀት የካያኩ ወለል ሙቀት እንጂ የሐይቁ አለመሆኑንና ከ400 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያሉት የምስል ዓይነቶች በወለሉ ውስጥ ሲያልፉ በእጅጉ እንደሚዳከሙ ማወቅ ያስፈልጋል።

የደንገል ታንኳ ጉዳይ ፈጽሞ የተለየ ነው። ደንገል የሚንሳፈፈው ግንዱ በአየር የተሞላ ስለሆነ ነው፤ ታንኳውን ተሸካሚ ያደረገው ይኸው ጠባዩ ለድምፅ የማይታለፍ ግድግዳ ያደርገዋል። ስለዚህ በታንኳ ላይ ትራንስዱሰሩ የግድ ከጎን ወደ ውኃው መውረድ አለበት። ደንገል ብሎን ስለማይዝ ከሁለቱ ጎኖች የሚያልፍ የባሕር ዛፍ አጣና በአግድም በገመድ አስሮ፣ በአጣናው ጫፍ ላይ ወደ ታች የሚወርድ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ማሰር ይበቃል። ትራንስዱሰሩ ከመቅዘፊያው ርቆ ከውኃው ወለል በታች 20 ሴንቲሜትር ያህል ይቀመጥ፤ መቅዘፊያ የሚፈጥረው አረፋም አየር ነውና። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ዝቅ ስለሚል ይህ ርቀት በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ሊለወጥ ይችላል፤ በስክሪኑ ንባብ ላይ የሚደመር እንደመሆኑ ጠዋት ሲነሡና ማታ ሲመለሱ መለካት ይኖርበታል። በካያክም ቢሆን ሰው ሲቀመጥ ጀልባው ወደ ኋላ ያዘነብላል። የትራንስዱሰሩ ፊት አግድም መሆኑ በውኃ ልክ መረጋገጥ ያለበት ቀዛፊውና ዕቃው በየቦታቸው ካሉ በኋላ እንጂ ጀልባው በባዶው ዳር ላይ ቆሞ ሳለ አይደለም። ጥቂት ዲግሪ ማዘንበል ጉዳት የለውም፤ በ20 ዲግሪ ሾጣጣ እስከ 10 ዲግሪ ድረስ የድምፁ ዳር ቀጥታ ወደ ታች ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ግን የሚለካው ጥልቀት ሳይሆን ሰያፍ ርቀት ይሆናል።

ስለ ኃይል አቅርቦት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ግማሽ አምፔር የሚወስድ መሣሪያ በ12 ቮልት፣ በ7 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ፣ ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ቢጠበቅ እንኳ 7 ሰዓት ያሠራል። ባትሪው ውኃ በማያስገባ ሣጥን ይቀመጥ፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

ንባቡን ስለ መተርጎም

ለጥናት በሚውል መሣሪያ ላይ የዓሣ ምልክት የሚሥለው ምርጫ መዘጋት አለበት። ይህ ምርጫ ከወለሉ ተለይቶ የሚመለሰውን ድምፅ ሁሉ፣ አረፋም ሆነ የተንሳፈፈ ቅጠል፣ ዓሣ አድርጎ ያሳያል። የድምፅ ማጉያው መጠንም በራሱ እንዲለዋወጥ መተው የለበትም፤ ሰኞ በአንድ መጠን ማክሰኞ በሌላ የተመዘገበ ምስል ሊነጻጸር አይችልም።

ከዚህ የሚከብደው የማይታየው ዓሣ ነው። ከዓሣ አካል የሚመለሰው ድምፅ አብዛኛው የሚመነጨው ከሆዱ ውስጥ ካለው የአየር ከረጢት ነው። ቆሮሶና የጣና ብርቅዬ የሆኑት የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ይህ ከረጢት ስላላቸው ደኅና ይታያሉ። የአምባዛ የአየር ከረጢት ግን ትንሽና በከፊል በአጥንት የተሸፈነ ከመሆኑም በላይ ዓሣው የሚውለው ወለል ለወለል፣ ማለትም ቀደም ሲል በተገለጸው የማይታይ ክልል ውስጥ ነው። በዚህ መሣሪያ ብቻ የሐይቁን ዓሣ ቆጥሮ «አምባዛ ቀንሷል» የሚል ሪፖርት ቢቀርብ፣ የቀነሰው ዓሣው ይሁን የመሣሪያው እይታ መለየት አይቻልም። የዓሣ ሀብት አስተዳደር ውሳኔ እንዲህ ባለው ሪፖርት ላይ ሊመሠረት ስለሚችል ጉዳዩ የአሠራር ዝርዝር ብቻ ተደርጎ አይታይም። የድምፅ ንባብ በዚያው ቦታና ጊዜ በመረብ ከተያዘ ናሙና ጋር መቅረብ አለበት። የእምቦጭ አረም በተንሰራፋባቸው ዳርቻዎችም የአረሙ ግንድ በአየር የተሞላ ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለውን ውኃ በድምፅ ለማጥናት መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት በየዕለቱ መሣሪያውን መፈተሽ ይገባል። በየሜትሩ ምልክት በተደረገበት፣ በማይለጠጥ ገመድ ጠፍጣፋ የብረት ሳህን ከትራንስዱሰሩ በታች ወደ 2፣ 4 እና 6 ሜትር ማውረድና ንባቡን ከገመዱ ጋር ማነጻጸር ይበቃል፤ የድምፅ ፍጥነቱም ሆነ የትራንስዱሰሩ ጥልቀት ስሕተት በዚህ ይገለጣል። የጣና የውኃ ከፍታ በክረምትና በበጋ መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ይለዋወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የጨረጨራ ግድብ መውጫውን መቆጣጠር ከጀመረ ወዲህም በሰው ውሳኔ ጭምር ይለወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የጥልቀት መዝገብ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና በዚያው ቀን በባሕር ዳር ከተነበበው የሐይቁ ከፍታ ጋር መያያዝ አለበት።