ማሳሰቢያ፦ በዕድር ስብሰባና በለቅሶ ቤት ስለ ቋንቋ አጠቃቀም

ለሐዋሳ ከተማ የዕድር ዳኞችና አባላት በሙሉ፣

በሐዋሳ ሰፈሮች አንድ የዕድር ድንኳን ሥር ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው አብሮ ይቀመጣል፤ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙም እንዲሁ። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው፤ በገበያና በጉርብትና ደግሞ አማርኛ ብዙውን ሰው ያግባባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። መዋጮ የሚከፍል አባል ሁሉ የሚወሰንበትን ነገር የመስማትና የመረዳት መብት አለው። ስለዚህ የሚከተሉት ይከበሩ።

ሊደረጉ የሚገባቸው

1. ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ሲዳሙ አፎንም አማርኛንም አጥርቶ የሚናገር አስተርጓሚ ከአባላት መካከል ይመረጥ።

2. የመዋጮ ጭማሪ፣ ቅጣትና ከአባልነት መሰረዝ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይተርጎሙ። እጅ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ትርጉም ለማንም አይጠቅምም።

3. አስተርጓሚው አይጨምር፣ አይቀንስ። «እማማ አልተስማሙም» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ያልተስማሙበት ምክንያትም ይነገር።

4. ቃለ ጉባኤ ማንበብ ለማይችሉ ከመፈረማቸው በፊት ይነበብላቸው።

5. የለቅሶ ማስታወቂያ በአማርኛም፣ በላቲን ፊደል በሚጻፈው ሲዳሙ አፎም ይለጠፍ። የሟች ስም፣ የቀብሩ ቦታና ሰዓቱ በሁለቱም ላይ አንድ መሆናቸውን ጸሐፊው ያረጋግጥ።

ሊደረጉ የማይገባቸው

1. ቋንቋው የሚሰባበርበት ሰው ሲናገር አትሳቁ። አንዴ የተሳቀበት ሽማግሌ ዳግመኛ ሐሳብ አይሰጥም።

2. ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሒሳብ በሚቀርብበት ሰዓት ሌላው በማይሰማው ቋንቋ እርስ በርስ አይነጋገሩ። ሒሳቡ ንጹሕ ቢሆንም ጥርጣሬ ይገባል።

3. አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ የለቅሶ መልእክት በስልክ አትላኩ። ብዙ አረጋውያን ማንበብ ስለሚቸግራቸው ቀብር ያመልጣቸዋል።

4. «ነፍስ ይማር» በሁሉም ቤት የሚባል አይምሰላችሁ፤ በፕሮቴስታንቶች ዘንድ የተለመደ አይደለም። የቤቱን ልማድ ካላወቃችሁ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» በሉ፤ የትም ቤት ያስኬዳል።

5. የጋራ ስብሰባን በአንድ እምነት ጸሎት ብቻ አትክፈቱ፤ ሁሉም በልቡ የሚጸልይበት ጥቂት ጊዜ ስጡ።

6. ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚያንቋሽሽ መጠሪያ በቀልድም ቢሆን አትናገሩ። ንግግሩ ጥላቻን ወይም ጥቃትን ወደ ማነሳሳት ከደረሰ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በወንጀል ያስጠይቃል።

ዳኞች ይህን ዝርዝር በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ በሁለቱም ቋንቋ አስነብቡ። አባላቱ የተስማሙበት በዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ይግባ፤ ደንብ ያልሆነ ምክር ዳኛ በተቀየረ ቁጥር ይረሳል።