መድኃኒት የባክቴሪያን ሽፋን እንዴት እንደሚያፈርስ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በአሶሳና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች አጥር በቀርከሃ ይታጠራል። ቀርከሃው ግን ብቻውን አይቆምም፤ ጐን ለጐን ተደርድሮ በልጥ ይታሰራል። ልጡ የተፈታ እንደ ሆነ ቀርከሃው ሳይሰበር አጥሩ ይላላል፤ ከብቱ ይወጣል፥ አውሬውም ይገባል። ይህን ያስተዋለ ሰው፥ ሐኪሞች በዐይን የማይታዩትን ባክቴሪያዎች ድል ከሚነሡባቸው ጥበቦች አንዱን ለመረዳት አይቸገርም። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

፩፤ ስለ ሽፋኑ።

ባክቴሪያ አካሉ አንዲት ሕዋስ ብቻ የሆነ ረቂቅ ፍጥረት ነው። ሕይወቱም የሚጠበቀው ከስብ በተሠራ እጅግ ስስ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ምግብን ያስገባል፥ ጉድፍን ያስወጣል፥ በውስጥ ያለውንም ጨውና ውሃ በልክ ይጠብቃል። ዘይት ከውሃ ጋራ እንደማይቀላቀል ሁሉ፥ የስቡም ሽፋን የውስጡን ውሃ ከውጭው ይለያል። ከሽፋኑ በላይ ደግሞ ጠንካራ ቅጥር አለ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን ባክቴሪያው ይህን ቅጥር እንዳይሠራ ይከለክለዋል።

አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ግን ከቅጥሩ ውጭ ሁለተኛ ሽፋን ደርበዋል። በዚህ በውጭው ሽፋን ላይ ያሉት ቅንጣቶች አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ኃይል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። እንዳይለያዩ አስረው የሚይዟቸው ማግኒዚየምና ካልሲየም የሚባሉት ማዕድናት ናቸው። እነዚህ ማዕድናት ለቀርከሃው አጥር እንደ ልጡ ናቸው።

፪፤ ልጡን ስለሚፈታው መድኃኒት።

በ1947 በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ያሉ ሊቃውንት በዐፈር ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘውን ፖሊሚክሲን የተባለውን መድኃኒት አስታወቁ። ኮሊስቲንም ከዚሁ ወገን ነው። ፖሊሚክሲን የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከባክቴሪያው ሽፋን ተቃራኒ ስለ ሆነ ወደ ሽፋኑ ይሳባል፤ ማግኒዚየሙንና ካልሲየሙን ገፍቶ ቦታቸውን ይይዛል። ማሰሪያው በተፈታ ጊዜ ስብ የሚወደው ጅራቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የውስጡም ሽፋን ይቀደዳል። ከዚህ በኋላ የባክቴሪያው ውስጠ አካል ይፈስሳል፥ እርሱም ይሞታል።

መምህሩ ይህን ለማሳየት በብርጭቆ ውሃ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ ያድርግ፤ ቀጥሎም የሳሙና ወይም የእንዶድ ዐረፋ ጨምሮ ያናውጠው። ዘይቱ ተበታትኖ ይታያል። ሳሙና ባንድ ወገን ውሃን፥ በሌላው ወገን ስብን ይወድዳልና፤ የፖሊሚክሲንም ጠባይ ይህን ይመስላል።

፫፤ ስለ ሌሎቹ።

ሬኔ ዱቦ በ1939 ያስታወቀው ግራሚሲዲን በሽፋኑ ላይ ቀዳዳ ያበጃል፥ በዚያም ጨው ይፈስሳል። ዳፕቶማይሲን የተገኘበት ረቂቅ ፍጥረት በኖኅ መርከብ ታሪክ ስሙ ከሚነሣው ከአራራት ተራራ ዐፈር የመጣ ነው። ይህ መድኃኒት በካልሲየም ረዳትነት የውጭ ሽፋን የሌላቸውን ባክቴሪያዎች ያጠቃል፤ በአሜሪካም በ2003 ተፈቅዷል።

፬፤ ስለ ጉዳቱ።

የሰውም ሕዋስ የስብ ሽፋን አለው። ይሁን እንጂ የውጭ ገጹ የባክቴሪያውን ያህል መድኃኒቱን ስለማይስብ በብዙው ይድናል። ኵላሊት ግን ፖሊሚክሲንን በውስጡ ስለሚያከማች ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች በመርፌ የሚሰጠውን ለብዙ ዘመን ትተውት ነበር፤ የተመለሱበትም ሌሎቹ መድኃኒቶች የማይበግሯቸው ባክቴሪያዎች ስለ በዙ ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጨረሻ ጊዜ ከሚጠበቁት መድኃኒቶች መካከል ቈጥሮታል።

ባክቴሪያም ዝም ብሎ አይጠፋም። በሽፋኑ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ኃይል ለውጦ መድኃኒቱ የሚጣበቅበትን ስፍራ ያሳጣዋል። ይህን ጥበብ አንዱ ባክቴሪያ ለሌላው የሚያቀብልበት ዘር በ2015 በቻይና መገኘቱ ተነገረ፤ በዚያም አገር ኮሊስቲን ለአሳማዎች በብዛት ይሰጥ ነበር።

፭፤ ለመንደሩ የሚገባ ምክር።

አንድ ገበሬ ፖሊሚክሲን በመንደሩ ሱቅ አይሸጥምና ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም ይል ይሆናል። ነገር ግን ቀላሉን መድኃኒት ያለ ትእዛዝ የሚውጥ፥ ጥቂት ሲሻለው የሚያቋርጥ፥ የተረፈውን ለጐረቤት የሚያካፍል፥ ለፍየሉም ያለ እንስሳት ሐኪም የሚሰጥ ሰው ባክቴሪያውን ያለማምደዋል። ቀላሉ መድኃኒት በከሸፈ ጊዜ የሚቀረው ኵላሊትን የሚያሰጋው ነው፤ እርሱም ከከሸፈ በሽተኛውን ለማዳን የሚቀረው መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ መድኃኒትን በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ፥ እንደ ታዘዘውም መፈጸም፥ እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል።

ጥያቄ።

፩፤ ለባክቴሪያው የውጭ ሽፋን እንደ ልጥ የሚያገለግሉት ማዕድናት ምንና ምን ናቸው?
፪፤ የፔኒሲሊንና የፖሊሚክሲን ሥራ በምን ይለያያል?
፫፤ ፖሊሚክሲን ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠበቀው ስለ ምንድር ነው?