ከተራ በገበያ ቀን ሲውል
በታላቅ በዓል ቀን ብዙ ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ሜዳ ስለ መሄድ

ባለፉት ወራት በዚህ ጽሑፍ ስለ ውኃ ጕድጓድ ንጽሕናና ስለ ዝንብ መከላከያ መናገራችን ይታወሳል። በዚህ ወር ደግሞ ከቤትና ከግቢ ወጥተን፥ በታላቅ በዓል ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ሜዳ የሚሄድ ሰው ስለ ራሱና ስለ ልጆቹ ጤና ሊያውቀው የሚገባውን እናወሳለን። ምሳሌ የምናደርገውም ሩቅ አገር የተደረገውን ብቻ ሳይሆን በዓይናችን ያየነውን ጭምር ነው።

ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከረቡዕ ገበያዋ መሆኑ የታወቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥር 10 ቀን ረቡዕ ዋለ። ስለዚህ ከተራና ገበያ በአንድ ቀን ተገናኙ። ገበሬው እህሉንና ከብቱን ይዞ ገና በማለዳ ወደ ገበያ ወጣ፤ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ደግሞ ከቀትር በኋላ ታቦታቱን አጅቦ ወደ ውኃው ወረደ። እኛም ለጤና ጥበቃ ሥራ በዚያ ነበርንና አስቀድመን አራት የመጸዳጃ ጕድጓዶች አስቈፍረን፥ ሁለት በርሜል የመጠጥ ውኃ አስሞልተን፥ የሚቀረን ነገር የለም ብለን ተቀምጠን ነበር።

የቀረን ግን መንገዱ ነበር። ከገበያው ወደ ታቦት ማደሪያው የሚያደርሰው መንገድ በአንድ በኩል የእሾህ አጥር፥ በሌላው በኩል የወንዙ አፋፍ ይዘውታል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ታቦታቱን አጅቦ የሚወርደው ሕዝብና አህያውን ጭኖ ከገበያ ወደ አገሩ የሚመለሰው ሕዝብ በዚያ ጠባብ ስፍራ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ፊት ያለው ቆመ፤ ኋላ ያለው ግን ፊት ያለው መቆሙን አላወቀምና እየዘመረ መግፋቱን ቀጠለ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም አልተቈጣም። ሆኖም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰው እጁን ማንሣት እስኪሳነው ድረስ ተጣበቀ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ራሷን ሳተች፤ አንድ ሽማግሌ በአህያ ጭነትና በአጥሩ መካከል ተይዘው የጎን አጥንታቸው ተሰበረ።

ከዚያ የባሰ እንዳይሆን ያደረገው አንድ የትምህርት ቤት መምህር ነው። በአጠገቡ ወዳለ የድንጋይ ካብ ወጥቶ፥ እጆቹን ከፍ አድርጎ፥ ፊት ያሉትን ትቶ ኋላ ወዳሉት ጮኸ፤ «አባቶቼ፥ እናቶቼ፥ ስለ ታቦቱ ብላችሁ ባላችሁበት ቁሙ! ከፊት ሰው ተይዟል!» አለ። በኋላ የነበሩት ካህናትም ቃሉን ሰምተው ሕዝቡን አቆሙ። ግፊያው ሲላላ አህዮቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመለሱ። ይህን ስናይ እኛ በበርሜሎቹ አጠገብ ነበርን፤ ሮጠን ስንደርስ ነገሩ አልፎ ነበር። መንገዱን ቀድሞ ያለመለካት ጥፋት የእኛ መሆኑን አንሸሽግም።

ብዙ ሰው በግፊያ የሚሞተው ተረግጦ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አብዛኛው የሚሞተው ቆሞ ሳለ፥ ደረቱ ከፊትና ከኋላ ተጨምቆ መተንፈስ ሲሳነው ነው። ሰው አየር ለመሳብ ደረቱ መስፋት አለበት፤ የሚሰፋበት ስፍራ ካጣ ሳንባው ደኅና ሳለ ይታፈናል። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት 19 ቀን በደቡብ ኮርያ ዋና ከተማ በሴኡል፥ ኢቴዎን በሚባል ሰፈር፥ ወጣቶች ለበዓል ወጥተው 4 ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ባለው ቁልቁለት መንገድ ላይ ተጨናንቀው ከ150 በላይ ሰዎች ያለቁት በዚህ ዓይነት ነው። የእኛ ከተራ የዋለው ከዚያ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነበር። ወሬውን በራዲዮ ሰምተን አዝነን ነበር፤ የእሾህ አጥራችንን ግን ሄደን አላየንም።

መምህራን ይህን ለተማሪዎች ለማስረዳት ጠመኔ ብቻ ይበቃቸዋል። በክፍሉ ወለል ላይ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይሣሉ። ሁለት ጎልማሶች በውስጡ ሲቆሙ እንደ ልብ ይዞራሉ፤ አራት ሲሆኑ እርስ በርሳቸው እየተነካኩ በጭንቅ ይራመዳሉ። ስድስትና ሰባት ሲሞሉ ግን ሰው በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀሱ ይቀራል፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ ይሆንና አንዱ ሲገፋ ግፊያው እንደ ማዕበል እስከ ሌላው ጫፍ ይደርሳል። ስለዚህ በሜዳው ላይ ያለ ሰው አራቱ ጎኖቹ በሰው ሲነኩት፥ ገና መተንፈስ ሳይከብደው፥ ያን ጊዜ ወደ ዳር መውጣት ይገባዋል። ከተያዘ በኋላ ግን እጆቹን አጥፎ ከደረቱ ፊት ያድርግ፤ ግፊያውን አይቋቋም፤ በጩኸት ትንፋሹን አይጨርስ፤ ነጠላው ወይም ገንዘቡ ቢወድቅም ጐንበስ አይበል። ማዕበሉ ላላ ባለ ጊዜ ጥቂት ጥቂት እያለ በሰያፍ ወደ ጎን ይውጣ። ሕፃን የያዘ ሰው ሕፃኑን ከፍ አድርጎ ይያዘው፤ አየር ያለው በላይ ነውና።

ለሒሳብ መምህራን ደግሞ ይህን እንጨምራለን። በሜዳማ መንገድ ላይ በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት በአንድ ደቂቃ የሚያልፈው ሰው ቢበዛ 80 ያህል ነው። ከበዓሉ በኋላ ያን መንገድ ስንለካው 2 ሜትር ከ40 ሆነ፤ ስለዚህ በደቂቃ 192 ሰው ያሳልፋል ማለት ነው። 3,000 ሰው ቢመጣ በ16 ደቂቃ ያልፋል። የተጫነች አህያ ግን ወደ አንድ ሜትር ስፋት ትወስዳለች፤ በቀረው መንገድ 112 ሰው ብቻ ስለሚያልፍ ጊዜው ወደ 27 ደቂቃ ይረዝማል። በዚህ መካከል ኋላ ያለው እየተጨመረ ይሄዳል እንጂ አይጠብቅም። ይህን ስሌት ቀድመን ብንሠራው ኖሮ የሽማግሌው አጥንት ባልተሰበረ ነበር።

ከመንገዱ ሌላ የሚያሠጋው መቀመጫውና መቆሚያው ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥር 11 ቀን በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መደብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቈስለዋል። የዚያን ዕለት በዓሉ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ሁለት ወር አልሞላውም ነበርና ተመልካቹ ብዙ ነበር። እንጨት ሸክሙን አይናገርም። በሮብ ገበያም ልጆች ለማየት ሲሉ በአሮጌ ካብ፥ በቤት ክዳንና በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣሉ፤ አባቶች ሊከለክሏቸው ይገባል።

አንዳንድ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ወስደው፥ በ2012 ዓ.ም. መስከረም በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተውን አንድነት ፓርክን ማሳየት ይፈልጋሉ፤ መልካም አሳብ ነው። እንዲህ ያለ ስፍራ በርና ትኬት ስላለው የገባውን ሰው ለመቍጠር ይቻላል። ነገር ግን በርም ቢኖር ያለ ጥንቃቄ አይበቃም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የታወቀው የዲስኒላንድ መጫወቻ በ1947 ዓ.ም. ሐምሌ 10 ቀን ሲመረቅ፥ በሐሰት በታተመ ትኬት ብዙ ሰው ስለ ገባ የተገኘው ሕዝብ 28,000 ያህል ሆነ፤ ይህም ከተጠበቀው እጅግ የበለጠ ነበር። ቀኑም ብርቱ ሐሩር ነበር። የቧንቧ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ስለ ነበረ ባለቤቱ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት፤ ወይ የመጠጥ ውኃ፥ ወይ መጸዳጃ ቤት። እርሱም መጸዳጃ ቤቱን መረጠ። ሕዝቡ በጥም ተቈጥቶ ብዙ አጕረመረመ፤ እኛ ግን በጤና መኰንንነታችን ባለቤቱን አንነቅፈውም። የተጠማ ሰው ውኃ ፈልጎ ይገዛል፤ መጸዳጃ ያጣ ሰው ግን የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ መዘዙም ለሌላው ይተርፋል።

ስለ መጸዳጃችን ከተናገርን ዘንድ፥ ያስቈፈርናቸውን ጕድጓዶች በማግሥቱ ስናይ ሁለቱ ፈጽሞ አልተነኩም ነበር። ምክንያቱን አንዲት እናት ነገሩን፤ «ልጄ፥ መከለያ ሳታደርጉበት ሴት እንዴት አድርጋ ትቀመጥበታለች?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ የጕድጓዱ ጥልቀትና ከውኃ ያለው ርቀት፥ ይኸውም ቢያንስ 30 ሜትር፥ በሚገባ ተነግሮን ነበር፤ ስለ ጆንያ መጋረጃ የነገረን ግን አልነበረም። በሚከተለው ዓመት ለሴቶች የተለየ ስፍራ በጆንያ ጋርደን፥ በአጠገቡ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና፥ ሳሙና ባለቀ ጊዜም አመድ ብናኖር፥ የሚጠቀመው በዛ።

ውኃውን በሚመለከት ከሁሉ የከበደው ነገር የሚገኘው በገበያው ውስጥ ነው። ከተራ ማለት ውኃን መገደብ መሆኑን ስሙ ራሱ ይነግረናል። ወንዙ ተገድቦ ሲቆም ከላይ የወረደው ቈሻሻ ሁሉ በዚያው ይጠራቀማል። በገበያ ቀን ደግሞ ከብቱና አህያው ውኃ የሚጠጣው ከግድቡ በላይ ነበር። የተባረከውን ውኃ ለመረጨት ለሚቀበለው ምእመን ነገሩ ያን ያህል አያሠጋም፤ ብዙ ሰው ግን በጠርሙስና በጀሪካን ቀድቶ ወደ ቤቱ ይወስዳል፥ ከዚያም ይጠጣዋል። ስለዚህ ከካህናትና ከሽማግሎች ጋር ተመካክረን የከብቱ ማጠጫ ከግድቡ በታች እንዲሆን አደረግን። ይህ አንድ ሳንቲም አላስወጣም።

ኮሌራ የሚባለው በሽታ በእንዲህ ያለ ስፍራ ምን እንደሚያደርግ በዚያው ዓመት በክልላችን ታይቷል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ፥ ብዙ ሕዝብ ለጠበል በሚሰበሰብበት በበርሜል ጊዮርጊስ አካባቢ ኮሌራ ተነሣ። በሽታው ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን በሰው ሆድ ተሰውሮ ሊቈይ ስለሚችል፥ ደኅና ሆኖ የተመለሰ መንገደኛ በሽታውን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል። ከበዓል በተመለሰ ሰው ላይ እንደ ሩዝ ውኃ ያለ ተቅማጥ ቢወርደው፥ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። በመንገድም ሳለ በአንድ ሊትር የተፈላ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ይገባል። ጨው ከዚህ እንዳይበልጥ፤ የበዛ ጨው ይጎዳል።

ስለ ምግብ ረዥም ነገር አንናገርም። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ለመንገደኛ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ዝንብ የወረረው ሥጋና በአንድ ጣሳ ለብዙ ሰው የሚዞር ጠላ ከሁሉ የከፉ ናቸው። ሸንኮራ የሚልጡ ልጆች ቢላዋቸውን በምን እንደሚያጥቡት ቢመለከቱ የሚገዙት ጥቂቶች ነበሩ።

ከታቦቱ ጋር በድንኳን ለሚያድሩ ግን አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። የጥር ሌሊት በደጋ አገር እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ እናውቃለን። ሆኖም የከሰል ምድጃ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ከሰሉ ጢሱ ጠፍቶ ፍም ሲሆን ሰው ደኅና ሆነ ይላል፤ ያን ጊዜ ግን ሽታና ቀለም የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ የተኛው ሰውም ሳይነቃ ይሞታል። ምድጃው በውጭ ይሁን፤ ለእንቅልፍ ጋቢና ብርድ ልብስ ይበቃል።

በዚያ ዕለት አንዲት የ6 ዓመት ያህል ልጅ ጠፍታ እስኪመሽ ድረስ በእኛ ዘንድ ቈየች። «አባትሽ ማን ይባላል?» ብንላት «አባባ» አለች፤ «አገርሽስ?» ብንላት «ቤታችን» አለች። አባቷ የተገኙት ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ድምፃቸው በጩኸት ተዘግቶ መናገር አቅቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የአንደኛ ክፍል መምህራን ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ሕፃናቱን የአባታቸውን ሙሉ ስምና የቀበሌያቸውን ስም በቃል ያስጠኗቸዋል፤ ለትንንሾቹ ደግሞ ስማቸው በወረቀት ተጽፎ በቀሚሳቸው ውስጥ ይሰፋል። ቤተሰብም ወደ ሜዳው ከመግባቱ በፊት ቢለያይ የሚገናኝበትን አንድ ዛፍ ይመርጣል።

ቀኑ ሲቈጠር በ2019 ዓ.ም. ቃና ዘገሊላ፥ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ከተራ እንደ ገና ረቡዕ ይውላሉ። ለዚያ ጊዜ ገበያው ማክሰኞ ይሁን ወይስ በቀድሞው ቀን ሆኖ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ይቈይ በማለት ሽማግሎች እየተመካከሩ ናቸው። እኛ የጠየቅነው ከስድስት ሰዓት በኋላ የተጫነ አህያ በዚያ መንገድ እንዳይመለስና ሁለት ብርቱ ድምፅ ያላቸው ሰዎች በካቡ ላይ እንዲቆሙ ነው። የእሾህ አጥሩ ባለቤትም አጥራቸውን ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ሊያስገቡ ፈቅደዋል፤ የምንጠብቀው ገብሳቸው እስኪታጨድ ብቻ ነው።