የሰፈሩ ትራንስፎርመር ስንት ቤት ይችላል?

መቶ ቤቶች ያሉበትን ሰፈር እናስብ። በእያንዳንዱ ቤት ምድጃው፣ የውሃ ማሞቂያውና የልብስ ማጠቢያው በአንድነት ቢሠሩ 7 ኪሎዋት ይፈልጋሉ እንበል። ድምሩ 700 ኪሎዋት ነው። ሆኖም ለሰፈሩ ይህን ያህል አቅም የሚተክል መሐንዲስ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ቤት ምግብ ሲያበስል የሌላው ባለቤት ገና ከሥራ አልተመለሰም፤ ሦስተኛው ተኝቷል። በብሪታንያ፣ በኤሌክትሪክ ለማይሞቅ ቤት፣ ዕቅድ አውጪዎች ሲያስቡ የኖሩት ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ነው።

ግምቱ ከበዛ ገንዘብ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ካነሰ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ በዘይት ውስጥ ያሉትን የሽቦ ጥቅልሎች የሸፈነው ወረቀት ያለ ጊዜው ያረጃል፤ አንድ ምሽት ይቃጠልና ሰፈሩ በጨለማ ይዋጣል። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በመለካት ነው።

ለንደን ይህን አድርጋለች። የከተማዋን የማከፋፈያ መስመሮች የሚያስተዳድረው ዩኬ ፓወር ኔትወርክስ በመራው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2011 እስከ የካቲት 2014 ድረስ የ5,567 ቤቶች ፍጆታ በየግማሽ ሰዓቱ ተመዘገበ። በ2013 ከእነዚህ መካከል 1,100 ያህሉ ዋጋው በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ተጠቀሙ፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደ ጊዜው 3.99፣ 11.76 ወይም 67.20 ፔንስ ያስከፍል ነበር። መዝገቡ ስምና አድራሻ ሳይዝ ለማንም ክፍት ሆነ። ሌላ አገር ያለ ተማሪ እንኳ አውርዶ የራሱን ስሌት ሊሞክርበት ይችላል።

በ2019 በብሪታንያ የኃይል መረጃን የመረመረ ግብረ ኃይል አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሐሳብ አቀረበ፦ መረጃ ሁሉ ክፍት እንደሆነ ይቆጠር፤ መዝጋት የፈለገ ምክንያቱን ያስረዳ። ዛሬ የአገሪቱ አከፋፋዮች የትኛው ጣቢያ ትርፍ አቅም እንዳለው በካርታ ያሳያሉ፤ የመኪና መሙያ ሊተክል ያሰበ ሰው ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ያየዋል። የግለሰብ ቤት ንባብ ግን በጥንቃቄ ይያዛል። የግማሽ ሰዓት ፍጆታ ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆን ለሌባም ይናገራልና።

ታዲያ የለንደንን ቁጥር ወስዶ አዲስ አበባ ላይ መጠቀም ይቻላል? አይቻልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በበዓል ዋዜማ ደግሞ የጎረቤት ምጣዶች በተቀራራቢ ሰዓት ይግላሉ። «ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጠቀምም» የሚለው ስሌት የሚላላው ያን ዕለት ነው። ለንደንም ብትሆን ሁሉም አመሻሽ ላይ መኪናውን ከሰካ ያው ፈተና ይገጥማታል።

በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማዳረስ አልሞ ነበር። መስመሩ ወዴት ይሂድ የሚለውን የሕዝብ አሰፋፈርና የሳተላይት የሌሊት ብርሃን ምስል ሊጠቁሙ ይችላሉ። ማጀት ውስጥ ያለውን ምጣድ ግን ሳተላይት አያየውም።

ለዚህ የየቤቱን ቆጣሪ ማንበብ ግድ አይደለም። ትራንስፎርመሩ ላይ የተገጠመ መለኪያ የሰፈሩን ጭነት በየግማሽ ሰዓቱ ይመዘግባል፤ መዝገቡ የማንንም ቤት ምስጢር አይገልጥም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት መቆየት አለበት፤ የገናን፣ የፋሲካንና የእንቁጣጣሽን ዋዜማ፣ የረመዳንንም ምሽቶች እንዲይዝ።