ስለ ዲጄነት ሥራና ስለ መሣሪያው አመራረጥ

ስለ እርሻ፥ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ታላላቅ ሰዎች ታሪክ በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። እኔ ግን ዘንድሮ ልጽፍ የፈለግሁት በጨፋ ሸለቆ በየሠርጉ ስለምናየው፥ ነገር ግን እንደ ሙያ ቆጥሮ የሚመረምረው ስለሌለው ሥራ፥ ይኸውም ስለ ዲጄነት ነው። የአክስቴ ልጅ በከሚሴ ከተማ መሣሪያ እየተከራየ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ሲተዳደር ቆይቶ፥ አሁን የራሱን ዕቃ ሊገዛ ተነሥቷል። አክስቴም የዕቁቧ ዕጣ ሲደርሳት ገንዘቡን ልትሰጠው ቃል ገብታለታለች። ገንዘቡ ከጉሊት ንግድ በሳንቲም በሳንቲም የተጠራቀመ ስለሆነ፥ «አንተ ፊዚክስ ትማራለህና ወንድምህ እንዳይታለል አብረህ ተመልከትለት» ብላ አዘዘችኝ። ስለዚህ አንድ ዓመት ያህል በዕረፍት ቀኔ ሁሉ እየተከተልሁት ያየሁትንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። ዲጄ የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛው «ዲስክ ጆኪ» ያጠረ ነው። ዲስክ ሸክላ ነው፤ ጆኪ ደግሞ በውድድር ላይ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ነው። እንግዲህ «ሸክላ ጋላቢ» ብንለው ከትርጉሙ የራቅን አይመስለኝም። ከጃማይካ የመጣው ዲጄ ኩል ኸርክ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ከተማ፥ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር፥ እኅቱ ለትምህርት ቤት መክፈቻ ልብስ መግዣ እንድታገኝ ባዘጋጀችው ግብዣ ላይ ሙዚቃ አጫወተ። እርሱም አንዱን ዘፈን በሁለት ሸክላ ይዞ፥ ከበሮው ብቻ የሚመታበትን አጭር ክፍል ከአንዱ ወደ ሌላው እያፈራረቀ ሲያረዝመው ጨፋሪው ወደደለት። ሂፕ ሆፕ የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች ሌሊት ነው። ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሸክላ አጫዋች የጃፓኑ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወጣ የታሰበው በቤት ውስጥ ለሚያዳምጡ ሰዎች ነበር። ነገር ግን ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ሞተሩ ያለ ጎማ ቀበቶ በቀጥታ ስለሚያዞረው፥ ዲጄው በእጁ ቢያቆመውና ቢለቀው ወዲያው ፍጥነቱን ይይዝለታል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2010 መሥራቱን አቁሞ፥ ፈላጊው ስለበዛ በ2016 እንደገና ጀምሯል።

በሀገራችንም ሸክላ የራሱ ታሪክ አለው። የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፥ አምኃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ደፍሮ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን በሰዓት እላፊ ምክንያት የአዲስ አበባ የሌሊት ጭፈራ ተዳከመ፤ የሸክላንም ቦታ ካሴት ወሰደው። በእኛ ዘመን ደግሞ ሮፍናን ኑሪ በዲጄነት ጀምሮ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም አውጥቷል። የአክስቴ ልጅ ስሙን በሰማ ቁጥር ዓይኑ ይበራል።

ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ዲጄና የጨፋ ዲጄ ሥራቸው አንድ አይደለም። በአዲስ አበባ የምሽት ክበብ የሚሠራው ሰው ባለቤቱ ተክሎ ያቆየውን መሣሪያ ያገኛል፤ ስለዚህ ፍላሹንና የጆሮ ማዳመጫውን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። የእኛው ግን የምሽት ክበብ ሳይሆን የሠርግ ዳስ ነው ያለው። ሞንታርቦውን በባጃጅ ጭኖ፥ ገመዱን ራሱ ዘርግቶ፥ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ራሱ አስነሥቶ፥ ሲነጋ ደግሞ ራሱ ጠቅልሎ ይመለሳል። (ሞንታርቦ የአንድ የጣልያን ፋብሪካ ስም ነበረ፤ እኛ ግን ማናቸውንም ትልቅ ድምፅ ማጉያ በዚሁ ስም እንጠራዋለን።)

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰውን ማወቅ ነው። በአንድ ዳስ ውስጥ ኦሮምኛ ተናጋሪም አማርኛ ተናጋሪም አለ፤ ከአርጎባና ከአፋር የመጣም እንግዳ ይኖራል። አንዱ ቤት መንዙማ እንጂ ዘፈን አይፈቅድም፤ ሌላው ቤት እስከ መግሪብ መንዙማ፥ ከእራት በኋላ የአሊ ቢራን ዘፈን ይሻል። አዛን ሲሰማ ድምፁን መዝጋት ማንም ሳይነግረው ማወቅ ያለበት ነገር ነው። አንድ ጊዜ ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሥተው፥ «ልጄ፥ ዝቅ አድርገው፤ ሙሽራይቱን እንመርቃት» ሲሉ፥ እርሱም «አብሽሩ አባባ» ብሎ ማይኩን ሲያቀብላቸው አይቻለሁ። እንደ እኔ አስተያየት በጨፋ ሠርግ ዋናው ዕቃ ዘፈን ማቀላቀያው ሳይሆን ማይኩ ነው። ዘፈን ቢቋረጥ ሰው ይስቃል፤ ምርቃት ቢቋረጥ ግን ይቀየማል።

ሥራው ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። ክርስቲያኑ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይድራል፤ በዐቢይ ጾም አይድርም። በረመዳንም ሠርግ የለም። የእስላሙ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፥ ረመዳን የካቲት 22 ቀን ስለገቡ ሁለቱ ጾሞች ተደራረቡ፤ በ2018ም በየካቲት ተከታትለው ገቡ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሌላውን ወቅት የሚሞላለት ስለማይኖር፥ ዲጄው አንድ ወር ያህል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ይህን አስልታ ለአክስቴ የነገረቻት አንዲት የሠርግ ልብስ አከራይ ናት፤ እርሷም በዚያው የቀን መቁጠሪያ ትኖራለችና። ስለዚህ ቀብድ መቀበልና መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል። «ትንሽ ጨምርልን» የምትባለዋ ቃል የሁለት ሰዓት ናፍጣ ወይም ቤንዚን ትበላለች።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው፤ ሻጩም የሚያታልለው በዚሁ ነው። በአንድ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ላይ 5000 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ድምፅ ማጉያ አሳዩን። ዞር አድርገን የጀርባውን ጽሑፍ ብናነበው 220 ቮልት፥ 2 አምፔር ይላል። የ9ኛ ክፍል ተማሪም ቢሆን 220ን በ2 አባዝቶ 440 ዋት እንደሚሆን ያውቃል። ከግድግዳው 440 ዋት ብቻ የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ 5000 ዋት ሊሰጥ አይችልም፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ እንኳ የሚቆይ መሆኑ ያጠራጥራል። መመልከት የሚገባው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው።

ሁለተኛም ዋት ሲጨምር ድምፅ በዚያው መጠን አይጨምርም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም በጆሮ ሲሰማ ጥቂት ነው። ስለዚህ በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 97 ዴሲቤል የሚሰጥ ድምፅ ማጉያ፥ 91 ብቻ ከሚሰጠው ጋር ቢወዳደር፥ የመጀመሪያው በ100 ዋት የሚያሰማውን ሁለተኛው የሚያሰማው በ400 ዋት ነው። ይህ ቁጥር በመመሪያው ወረቀት ላይ በትንሽ ጽሑፍ ይገኛል፤ እስካሁን ስለ እርሱ ሲጠይቅ ያየሁት ገዢ ግን የለም።

ሦስተኛው ርቀት ነው። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ1 ሜትር 120 የነበረው በ4 ሜትር 108፥ በ16 ሜትር 96፥ በ32 ሜትር 90 ይሆናል። በእኛ ዳስ ከፊት የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸውና፥ ወጣቱ ከኋላ «አልሰማንም!» ሲል እነርሱ ጆሯቸውን ይይዛሉ። መድኃኒቱ ድምፅ መጨመር ሳይሆን ማጉያውን በመቆሚያ ላይ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ማዞር ነው። አንዳንዶች ሌላ ጥንድ ከዳሱ ጫፍ ይተክላሉ። ነገር ግን ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ 34 ሜትር የራቀው ማጉያ ድምፅ በሰከንድ አንድ ዓሥረኛ ዘግይቶ ይደርስና ዘፈኑ እንደ ገደል ማሚቶ ይሆናል። ማይክ የያዘ ሰውም ከማጉያው ፊት መቆም የለበትም፤ ማይኩ የማጉያውን ድምፅ መልሶ ሲወስድ ያ ሁሉም የሚያውቀው የፉጨት ጩኸት ይመጣል።

ገመድ ማንም የማያስበው ነገር ነው። ቤቱ ከዳሱ 50 ሜትር ቢርቅ፥ መብራቱ ሄዶ የሚመለሰው በ100 ሜትር ሽቦ ነው። ሽቦው 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ቢሆን ተቃውሞው 1.7 ኦም ያህል ነው፤ 10 አምፔር ሲያልፍበት 17 ቮልት በመንገድ ይቀራል፥ ሽቦውም ይሞቃል። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን የሚቀረው 7 ቮልት ብቻ ነው። በተጠቀለለበት እንዳለ የሚሠራ ገመድ ከዚያም ይብሳል፤ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ላስቲኩ ይቀልጣል። በሣር በተሸፈነ ዳስ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። እንዲሁም 8 ኦም የሆኑ ሁለት ማጉያዎች ጎን ለጎን ሲያያዙ 4 ኦም፥ አራት ሲሆኑ 2 ኦም ይሆናሉ። ከ4 ኦም እንዳይወርድ የታዘዘውን አምፕሊፋየር «አንድ ልጨምርበት» እያለ የሚያቃጥለው ሰው ብዙ ነው።

ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1400 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነች ቆላማ ናት፤ በበጋ አቧራው፥ በክረምት የቦርከና ረግረግ እርጥበት ዕቃን ይጎዳል። አምፕሊፋየር በማራገቢያው አቧራ እየሳበ ሲታፈን ይሞቅና ይዘጋል። የአክስቴ ልጅ በነጠላ ጨርቅ እየሸፈነ ነበር የሚያሠራው፤ ይህ ግን አየሩን ስለሚከለክል መተው ነበረበት። ጥላ ሥር ማኖርና ከየሠርጉ በኋላ በብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

ብዙ ከተከራከርን በኋላ የተስማማነው በሚከተለው ነው። በውስጣቸው አምፕሊፋየር ያለባቸው ባለ 12 ኢንች ሁለት ማጉያዎች፥ አንድ ትንሽ ሚክሰር፥ ባለ ገመድ ሁለት ማይኮች፥ ወፍራም ገመድ፥ ሁለት መቆሚያ። ላፕቶፕ አለው። ሸክላ አጫዋቹን ቢመኝም ለጊዜው ትቶታል፤ የሠርጉ ዘፈን በሸክላ አይገኝምና። ማጉያዎቹ 800፥ ላፕቶፑ 90፥ ሚክሰሩ 30፥ መብራቱ 200 ዋት ቢሉ በድምሩ 1120 ዋት ነው። 2 ኪሎ ቮልት አምፔር የተባለ ጄኔሬተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 1600 ዋት ስለሆነ ይበቃዋል። ጄኔሬተሩ ግን ነፋሱ ከዳሱ በሚርቅበት በኩል መቆም አለበት፤ ጭሱ ውስጥ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለ።

ስለ ዘፈን አቀላቀል ጥቂት ልጨምር፤ ይህ ለእኛ ሸለቆ ልዩ ጉዳይ ነውና። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ባቲ ስሟ የእኛው ዞን ከተማ ስም ነው፤ አምባሰልም ከጎረቤታችን ከደቡብ ወሎ ነው። ትዝታ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ሲል፥ ባቲ ዶ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ሲ ይላል። የአንዱ ዘፈን መጨረሻ በሌላው መጀመሪያ ላይ ሲደረብ ቅኝታቸው ከተለያየ፥ ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ፊቱን ያኮሳትራል። ስለዚህ ባቲን ከባቲ፥ ትዝታን ከትዝታ ማስከተል ይሻላል። ምቱንም በሰዓት 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ነው። 120 ምት ያለውን ዘፈን 126 ካለው ጋር ለማስተካከል ፍጥነቱን በመቶ 5 መጨመር ያሻል፤ ድምፁ ግን በዚያው ልክ ይቀጥናል፤ በመቶ 6 ሲደርስ ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላልና። ችክችካው ምት ደግሞ በሦስት በሦስት የሚከፈል ስለሆነ፥ በአራት ከሚቆጠረው የውጭ ዘፈን ጋር በግድ ማጣበቅ አይሆንም፤ አንዱን ጨርሶ፥ እልልታው ሲቀልጥ ሌላውን መጀመር ነው።

የመጨረሻው የጆሮ ነገር ነው። አክስቴ ስለ ገንዘቡ ስትጨነቅ እኔ የተጨነቅሁት ስለዚህ ነው። የአክስቴ ልጅ ከሠርግ ማግስት ጠዋት «ጆሮዬ ጭው ይላል» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ለሥራ ቦታ በወጣው መለኪያ መሠረት ሰው 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ሊታገሥ ይችላል፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ94 አንድ ሰዓት፥ በ100 ሩብ ሰዓት ብቻ ይሆናል። የዲጄው ሌሊት ደግሞ ስምንት ሰዓት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ጥጥ መወተፍ እምብዛም አይጠቅምም፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ከአንድ ማይክ ገመድ አይበልጥም። ጠረጴዛውንም ከማጉያዎቹ ኋላ እንጂ ከፊታቸው እንዳያኖር ተስማምተናል። መድፈኛውን ሁለት ጥንድ አስመጥቷል፤ አንደኛው ለእኔ ነው፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ገመድ የምጠቀልልለት እኔ ነኝና።